የሥነ ተዋልዶ ጤና ጥቅማ ጥቅም ለወንድ ሠራተኛም

«ፈርቲሊቲ ቤነፊት» በውጭ አገር ኩባንያዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ ቃል ነው፤ ልጅ መውለድ ላልተሳካለት ሠራተኛ አሠሪው የምርመራና የሕክምና ወጪ የሚሸፍንበትን፣ ለቀጠሮም ፈቃድ የሚሰጥበትን አሠራር ያመለክታል። «የወሊድ ጥቅም» ብንለው ከወሊድ ፈቃድ ጋር ይምታታል፤ ወንዱንም ከጅምሩ ያስወጣዋል። ስለዚህ «የሥነ ተዋልዶ ጤና ጥቅማ ጥቅም» ማለት ይሻላል። ስያሜው ትርጉም የሚኖረው ግን ጥቅሙ ለወንዱም ሲደርስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከ6 አዋቂዎች አንዱን መካንነት በሕይወት ዘመኑ ያጋጥመዋል። መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ ደግሞ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ በማይክሮስኮፕ የሚያልቅ ነው፤ የሴቷ ምርመራ ግን የማኅፀን ቱቦዎችን በራጅ እስከ ማየት ይደርሳል። ቀላሉን ትቶ ከከባዱ መጀመር ገንዘብም ዕድሜም ያባክናል። አሠሪውም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲቢሲፒ የተባለ ፀረ ተባይ ያመርቱ የነበሩ ወንዶች መውለድ ያቃታቸው በሥራቸው ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል። እርሳስና ብርቱ ሙቀትም የወንድን ዘር ይጎዳሉ። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሁለቱም የተሰጡት ፅንስ ለተገኘላቸው ነው።

ለምሳሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ባለችው በቆላማዋ ጀልዴሳ ደመወዝተኛው ከአርብቶ አደሩና ከገበሬው አንጻር ጥቂት ስለሆነ፣ ጥቅማ ጥቅሙ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ጥቂት መሆኑ ግን ወጪውን ያቀልለዋል፤ ለመምህሩና ለጤና ባለሙያው ድሬዳዋ ደርሶ የመመለሻ ፈቃድ፣ የትራንስፖርትና የምርመራ ክፍያ ለመነሻ ይበቃል። በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የአይ ቪ ኤፍ (ዘርን ከማኅፀን ውጭ የማዋሐድ) ሕክምና የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ወንዱ አስቀድሞ ከተመረመረ ሚስቱ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አትንከራተትም። «ወንድ አፍሮ አይመረመርም» የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን እሱን መተው ሳይሆን የጥቅማ ጥቅሙ መመሪያ የሁለቱንም ምርመራ እኩል እንዲጠይቅ፣ ለአሠሪው የሚቀርበው ደረሰኝም ከገንዘቡ መጠን በቀር ምንም እንዳይገልጽ ማድረግ ነው። ሁሉም ጥንድ በአንድ ላይ ከተመረመረ ጥፋተኛ ተብሎ ተለይቶ የሚጠቆም አይኖርም።