ተንቆ የኖረው ፕሮሊን

ፕሮሊን በሰውነታችን ፕሮቲን ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ ነው፤ ነጭ ዱቄት፣ ርካሽ፣ የማይመርዝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ እንደ እሱ ባለሙያ ሆኖ ሳለ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ኬሚካል አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ የሆፍማን ላ ሮሽና የሼሪንግ ኬሚስቶች ካታሊስትነቱን፣ ማለትም ኬሚካዊ ግብረ መልስን የማፋጠን ችሎታውን፣ አይተው ነበር። ከዚያ ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ። ዘመኑ የብረታ ብረት ካታሊስት ነበርና አልፈርድባቸውም። ብረቱ ግሩም ይሠራል፤ ብዙው ግን አየርና እርጥበት አይችልም፣ ርዝራዡን ከመድኃኒት ማጥራትም ሌላ ራስ ምታት ነው።

በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በስክሪፕስ ተቋም፣ ቤንጃሚን ሊስት አሴቶንን ከናይትሮቤንዛልዲሃይድ ጋር ቀላቅሎ ፕሮሊን ጨመረበት፤ ያውም ሳያሞቅ ሳያቀዘቅዝ። እንደ ቀኝና ግራ እጅ ከሚመሳሰሉት ሁለት ውጤቶች አንደኛው 88 በመቶ ያህል ሆኖ ወጣ። ፍጹም አይደለም፤ ለዚያ ዱቄት ግን ትልቅ ነገር ነው። ፅንስን የጎዳውን የታሊዶማይድ መድኃኒት ጣጣ የተማረ ሰው ቀኝና ግራን በቀላሉ አያይም።

በዚያው ዓመት ዴቪድ ማክሚላን በርክሌይ ሆኖ ራሱ በነደፈው ትንሽ ሞለኪውል ሌላ ዓይነት ግብረ መልስ መራ፤ እንዲህ በትንንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ለሚሠራው ካታሊስት «ኦርጋኖካታሊሲስ» የሚለውንም ስም አወጣ። በ2021 ሁለቱ ኖቤልን ተጋሩ። ማክሚላን ዜናው ቀልድ መስሎት በ1,000 ዶላር ተወራርዶ ነበር!

የኦርጋኖካታሊሲስን ጥቅም ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ያሳያል። በ1952 በ29 ደረጃ ሲሠራ ከመነሻው ንጥረ ነገር ስትሪክኒን የሆነው 0.0009 በመቶ ነበር፤ በ2011 በኦርጋኖካታሊሲስ፣ በ12 ደረጃ፣ ምርቱ 7,000 እጥፍ ሆነ።