የደቂቅ ዘአካላት ምደባ ታሪክና የሥነ ሕይወት ትምህርት

በሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ ስለ ደቂቅ ዘአካላት የሚሰጠው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የሕያዋን ፍጥረታት ታላላቅ ምድቦች የስም ዝርዝር ሲሆን፣ ሁለተኛው ባክቴሪያዎች የሚያስከትሏቸው በሽታዎች ዝርዝር ነው። ተማሪው ሁለቱንም በቃሉ ይይዛል፤ በፈተናም ላይ ይመልሳል። ይሁን እንጂ የምድቦቹ ቁጥር በአንዱ መጽሐፍ ሁለት፣ በሌላው አምስት፣ በሌላው ደግሞ ሦስት ሆኖ ሲያገኘው ምክንያቱን የሚያስረዳው የለም። መምህሩም ቢጠየቅ መጽሐፉ ተሻሽሏል ከማለት ያለፈ መልስ ለመስጠት ይቸገራል። መልሱ የሚገኘው በምደባው ታሪክ ውስጥ ነው። በየዘመኑ ደቂቅ ዘአካላት የታዩበት መሣሪያ የተለያየ ስለ ነበረ ምድቦቹም ተለያዩ፤ መሣሪያው ሊያሳይ ያልቻለው ነገር ሁሉ ለረጅም ጊዜ እንደሌለ ተቆጥሮ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ራሱ በሠራው ባለ አንድ ሌንስ ማይክሮስኮፕ የዝናብ ውኃና ቁንዶ በርበሬ የተዘፈዘፈበትን ውኃ መርምሮ፣ ያያቸውን «ትንንሽ እንስሳት» በ1676 በጻፈው ደብዳቤ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር አስታወቀ። ማኅበሩ ነገሩን በጥርጣሬ ተቀብሎት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ሁክ ሙከራውን ደግሞ ካሳየ በኋላ ግን ጥርጣሬው ተወገደ። ሆኖም ማየት ለመመደብ አልበቃም። ለእፅዋትና ለእንስሳት ስም አወጣጥ ሥርዐት ያበጀው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ እንኳ በደቂቅ ዘአካላት ዘንድ ሲደርስ ብዙዎቹን ከትሎች ክፍል ሥር ሰብስቦ «ካኦስ»፣ ማለትም ትርምስ፣ ብሎ ሰየማቸው። በ1866 ጀርመናዊው ኤርንስት ሄከል ከእፅዋትና ከእንስሳት ጎን «ፕሮቲስታ» የተባለ ሦስተኛ ምድብ አቆመ፤ በ1872 ደግሞ ፈርዲናንድ ኮን ባክቴሪያዎችን በቅርጻቸው፣ ክብ፣ ዘንግና ጠምዛዛ እያለ ለያያቸው። የኮን ሥራ ለመለያነት እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ለዝምድና ማስረጃነት ግን ሽምብራንና ጠጠርን ድቡልቡል ስለሆኑ ብቻ ከአንድ ወገን ከመቁጠር አይለይም።

ሁለተኛው መሣሪያ ማራቢያ ሳሕን ነው። ሮበርት ኮክ በ1876 የአባ ሰንጋን፣ በ1882 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን ምንጭ ለይቶ ሲያሳውቅ፣ የሁለተኛው ስኬቱ ምስጢር አንዱን የባክቴሪያ ዘር ከሌላው ለይቶ በረጋ ምግብ ላይ ማራባት መቻሉ ነበር። በመጀመሪያ የተጠቀመበት ጀላቲን በሙቀት ይቀልጥ ስለ ነበር፣ ከባሕር አረም በሚወጣው አጋር-አጋር እንዲተካ ሐሳቡን ያቀረበችው ፋኒ ሄሰ ነበረች፤ በወጥ ቤቷ ትጠቀምበት ነበርና። ይህ የኮክ ዘዴ ለሰው ልጅ ጤና ያስገኘው ጥቅም በቀላሉ አይገመትም። ይሁንና ለሥነ ሕይወት ያተረፈው ነገር የተቀላቀለ ነበር። በሥጋ መረቅ ላይ የማይበቅል ደቂቅ ዘአካል በቤተ ሙከራ ውስጥ ሥፍራ አጣ፤ ባክቴሪያ ማለት የበሽታ መንስኤ ማለት ነው የሚለውም አስተሳሰብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ። እስከ ዛሬም በቀላሉ አልወጣም።

ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ የነቀነቀው በ1856 በኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። በ1887 በስትራስቡርግ ቤጊያቶዋ የተባለውን በድኝ ምንጮች ውስጥ የሚኖር ክር መሰል ባክቴሪያ ሲያጠና፣ ወደ ሳሕን ሊያስገባው አልሞከረም። በማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጦ የምንጩን የመሰለ ውኃ በየጊዜው እየቀየረ ተመለከተው። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲያገኝ በሰውነቱ ውስጥ የድኝ ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ሲያጣ ቅንጣቶቹ ይጠፋሉ። ከዚህ በመነሣት ባክቴሪያው ኃይል የሚያገኘው እንደ እንስሳት ምግብ በልቶ፣ እንደ እፅዋትም ብርሃን ተቀብሎ ሳይሆን ድኝን በማቃጠል መሆኑን ገለጸ። ቀጥሎም ወደ ዙሪክ ሄዶ በጊዜው ብዙዎችን ያስቸገረውን ጥያቄ ያዘ። በአፈር ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች መኖራቸው በኬሚስትሪ ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን ለይቶ ሊያራባቸው የቻለ አልነበረም። ቪኖግራድስኪ ምክንያቱን ተረዳ፤ የተሰናዳላቸው የጀላቲን ምግብ ለእነርሱ እንቅፋት ነበር። ከማዕድን ጨው በስተቀር ምንም በሌለበት ማራቢያ ላይ ሲያደርጋቸው በ1890 ተገኙ። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ሁለቱም ሰውነታቸውን የሚገነቡት በጨለማ ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

በማሳ ላይ የተበተነ ፍግ ለሰብሉ የሚጠቅመው እነዚህ ሁለት ወገኖች ስለሚሠሩ ጭምር መሆኑን ለገጠር ልጅ ማስረዳት ከባድ አይሆንም። በዚያው ዘመን ማርቲኑስ ቤይሪንክ በ1888 በባቄላና በአተር ዘሮች ሥር እባጭ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ፤ ገበሬው ጥራጥሬን ከእህል ጋር እያፈራረቀ የሚዘራበት የቆየ ልማድም ሳይንሳዊ ማብራሪያውን አገኘ። የቤይሪንክ ዘዴ የኮክን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ደቂቅ ዘአካሉን ከማሳደድ ይልቅ የተለየ የኑሮ ሁኔታ አዘጋጅቶ፣ ለዚያ ሁኔታ የሚስማማው ራሱ በዝቶ እስኪገለጥ መጠበቅ ነው።

ከዚህ የምርምር ወግ የወረሰው የትምህርት መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ለሌለው ትምህርት ቤት እጅግ የሚመች ሆኖ ሳለ ብዙ ሲሠራበት አይታይም። የቪኖግራድስኪ ዐምድ ይባላል። ከኩሬ የተወሰደ ጭቃ ከተቀዳደደ ጋዜጣ፣ ከእንቁላል አስኳልና ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ተለውሶ በረጅም ብርጭቆ ወይም በላስቲክ ጠርሙስ ይሞላል፤ በላዩ የኩሬው ውኃ ተጨምሮና አፉ ተከድኖ ከመስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከታች ጥቁር፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ፣ ከሁሉም በላይ እንደገና አረንጓዴ ሽፋኖች መለየት ይጀምራሉ። ከታች ያሉት አየር የሚሸሹ፣ ከላይ ያሉት አየር የሚያመነጩ ናቸው፤ የአንዱ ትራፊ የሌላው ምግብ ነው። ሥነ ምኅዳርን ለማስተማር ከዚህ የረከሰ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

የቤይሪንክ ወንበር በ1921 ለአልበርት ክላይቨር ተላለፈ፤ የክላይቨር ደቀ መዝሙር ኮርኔሊስ ቫን ኒልም ትምህርቱን ወደ ካሊፎርኒያ ይዞት ሄደ። ቫን ኒል ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸውን የድኝ ባክቴሪያዎች አጥንቶ፣ እነዚህ በብርሃን አስተፃምሮ ጊዜ በውኃ ፈንታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድን ስለሚጠቀሙ ኦክሲጅን እንደማያወጡ አሳየ። ከዚህም ተነሥቶ እፅዋት የሚያወጡት ኦክሲጅን የሚመጣው ከውኃ ነው የሚል ግምት አቀረበ፤ ግምቱም ትክክል ሆኖ ተገኘ። በምደባ በኩል ግን ዕድል አልቀናውም። ከክላይቨር ጋር በ1936፣ ከሮጀር ስታኒየር ጋር ደግሞ በ1941 የባክቴሪያዎችን የትውልድ ሐረግ ለመዘርጋት ሞከረ። ቅርጽን ቢከተል አንድ መንገድ፣ አመጋገብን ቢከተል ሌላ መንገድ ሆነበት። በ1962 ስታኒየርና ቫን ኒል ባሳተሙት ጽሑፍ ሕያዋን ሁሉ አስኳል ባለው ሕዋስና አስኳል በሌለው ሕዋስ ሲከፈሉ፣ አስኳል የሌላቸውን ዝምድና ዘርዝሮ የማወቁ ተስፋ ግን ተተወ። በ1969 ሮበርት ዊታከር ያቀረበው ባለ አምስት ምድብ ሥርዐት የተመሠረተው በዚህ ክፍፍል ላይ ነበር። ለማስተማር ስለሚያመች በየአገሩ መማሪያ መጻሕፍት ተስፋፋ፤ ባክቴሪያዎችም ሁሉ «ሞኔራ» በሚለው አንድ ምድብ ውስጥ ተጠቃለሉ። ነገር ግን አንድ ባሕርይ ስለሌላቸው ብቻ የተሰበሰቡ ፍጥረታት ዘመዳሞች ለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም። ቢራቢሮ፣ ቀንድ አውጣና የምድር ትል ሁሉም የጀርባ አጥንት የላቸውም፤ ከአንድ ወገን ግን አይደሉም።

ሦስተኛው መሣሪያ የመጣው ከሞለኪውል ጥናት ነው። በ1965 ኤሚል ዙከርካንድልና ላይነስ ፖሊንግ፣ በሕዋስ ውስጥ ያሉ ታላላቅ ሞለኪውሎች የትውልድ ታሪክ መዝገብ እንደሆኑ አመለከቱ። ሐሳቡን የብራና መጻሕፍትን የሚያመሳክር ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ የሳተው ፊደል ከርሱ በተቀዱት ቅጂዎች ሁሉ ይተላለፋል፤ ስሕተቶቹን የሚያነጻጽር ሰው የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደ ተቀዳ ሊያውቅ ይችላል። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ካርል ዎስ ለዚህ ተግባር የመረጠው የራይቦዞም አር.ኤን.ኤ.ን ነበር። ይህ ሞለኪውል በማንኛውም ሕዋስ ውስጥ ይገኛል፣ ሥራው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፣ ለውጡም ዘገምተኛ ነው። በጊዜው ሙሉውን ቅደም ተከተል ማንበብ ስለማይቻል፣ ዎስ ሞለኪውሉን በኤንዛይም ቆራርጦ የቁርጥራጮቹን አሻራ በፊልም ላይ እያሳረፈ፣ ፊልሞቹን በብርሃን ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ለዓመታት ሲያነብ ኖረ። አሰልቺነቱ ብዙ ተከታይ እንዳያገኝ አድርጎት ነበር።

የሥራ ባልደረባው ራልፍ ዎልፍ ሚቴን የሚያመነጩ ደቂቅ ዘአካላትን ያራባ ነበርና በ1976 ከነርሱ የተገኘው ናሙና ተነበበ። በባክቴሪያዎች ሁሉ ዘንድ ይገኙ የነበሩት የታወቁ ቁርጥራጮች በዚህ ውስጥ አልነበሩም። በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ የሚመስለው ፍጥረት በትውልዱ ከባክቴሪያ የሚርቀው ባክቴሪያ ከሰው የሚርቀውን ያህል ነበር። ዎስና ጆርጅ ፎክስ በ1977 ሕያዋን ሦስት የትውልድ መሥመሮች እንዳሏቸው ሲያስታውቁ፣ ዜናው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የፊት ገጽ ወጣ፤ ብዙ የሙያ ሰዎች ግን አፌዙበት። ዎልፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ጻፈው፣ የኖቤል ተሸላሚው ሳልቫዶር ሉሪያ ስልክ ደውሎለት ከዚህ ነገር እንዲርቅ አስጠንቅቆት ነበር። በአንጻሩ በጀርመን አገር ኦቶ ካንድለር የእነዚህ ፍጥረታት የሕዋስ ግድግዳ ከባክቴሪያዎች የተለየ መሆኑን በራሱ መንገድ ደርሶበት ስለ ነበር ሐሳቡን ወዲያው ደገፈ። በ1990 ዎስ፣ ካንድለርና ማርክ ዊሊስ ምደባውን ባክቴሪያ፣ አርኬያና ዩካርያ በሚሉ ሦስት ዶሜኖች አጸኑት። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ያቀረበችው፣ ሚቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት በጥንት ዘመን ወደ ሌላ ሕዋስ የገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚለው አሳብም የተረጋገጠው በዚሁ የንጽጽር ዘዴ ነው።

ሥነ ምኅዳርና የትውልድ ሐረግ ጥናት የተገናኙት ከዚህ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ኖርማን ፔስና ባልደረቦቹ ደቂቅ ዘአካላቱን ማራባት ሳያስፈልግ ከውኃና ከአፈር በቀጥታ አር.ኤን.ኤ.ንና ዲ.ኤን.ኤ.ን ማንበብ ጀመሩ። በማይክሮስኮፕ ከሚቆጠሩት መካከል በሳሕን ላይ የሚያድጉት በብዙ ሥፍራ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ አሁን ግን የቀሩት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ተቻለ። በፍል ውኃና በጨው ሐይቅ ብቻ ይኖራሉ የተባሉት አርኬያዎች በ1992 በተራ የውቅያኖስ ውኃ ውስጥ በብዛት ተገኙ።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥናት የሚመቹ ሥፍራዎች አሉ። ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን የሚያገኘው በውኃው ውስጥ ከሚርመሰመሱት ሳይኖባክቴሪያዎች ነው። በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል ደግሞ ነገሩ አከራካሪ ነው። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በአካባቢው ባሉ ጨዋማ ውኃዎች ልዩ ልዩ አርኬያዎችን ሲያገኝ፣ አሲድነቱና ጨዋማነቱ እጅግ በበረታባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አለመኖሩን ገለጸ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከዳሎል በወሰደው ናሙና እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ማየቱን አሳተመ። ውኃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ ለተማሪዎች ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ አይገኝም።

የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆች ይህን ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ማስገባት አይችሉም፤ ክፍለ ጊዜውም አይፈቅድም። የሚቻለው ምድቦቹን በስም ከመዘርዘር በፊት የተገኙባቸውን ሦስት መሣሪያዎች ማስቀደም፣ ከበሽታዎቹም ዝርዝር ጥቂት ቀንሶ ለናይትሮጅንና ለድኝ ዑደት ቦታ መስጠት ነው። ባለ አምስት ምድቡን ሥርዐት ጨርሶ መሰረዝ አያስፈልግም። በ1969 ምን ይታወቅ እንደ ነበር የሚያሳይ ደረጃ ሆኖ ከነዓመቱ ሊቀርብ ይችላል።

የሦስቱ ዶሜኖች ቁጥርም ቢሆን እንደ መጨረሻ ሊወሰድ አይገባም። በ2015 በሰሜን ውቅያኖስ ወለል ከተወሰደ ደለል ውስጥ ሎኪ የሚል ስም የተሰጣቸው አርኬያዎች በዲ.ኤን.ኤ. ንባብ ተገኙ፤ ቀድሞ አስኳል ላላቸው ሕዋሳት ብቻ የተለዩ ይመስሉ የነበሩ ብዙ ጂኖችን ይዘው ነበር። ስለዚህ ሰውን ጨምሮ አስኳል ያላቸው ሕያዋን በሙሉ ከአርኬያ ቅርንጫፎች አንዱ ናቸው፣ ዶሜኖችም ሁለት ብቻ ናቸው የሚል አሳብ በርትቷል። በ2020 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚህ ቤተ ዘመድ አንዱን ከባሕር ጭቃ አውጥተው ለማራባት መቻላቸውን አስታወቁ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ፍጥረቱ በጣም ዝግ ብሎ የሚራባ ሲሆን፣ የሚኖረውም ሃይድሮጂኑን ከሚወስድለት ሌላ ደቂቅ ዘአካል ጋር ተጣምሮ ነው።