የጎረምሳው አጥንትና «የሴት» ሆርሞን

በ12 ዓመታቸው ጎን ለጎን ቢቆሙ ኮረዳዋ ብዙውን ጊዜ ጎረምሳውን ትበልጠዋለች። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እሱ ይደርስባትና ያልፋታል። ለዚህ የምንሰጠው የተለመደ ምክንያት ቴስቶስትሮን ወንዱን ያስረዝማል፣ ኤስትሮጅን ግን የሴት ጉዳይ ነው የሚል ነው። ይህ አከፋፈል ከእውነቱ የራቀ ነው፤ ተማሪዎቻችንም እንዲህ እየተማሩ መቀጠል የለባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪው ኤሪክ ስሚዝና ባልደረቦቹ የአንድ የ28 ዓመት ሰው ታሪክ አሳተሙ። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና ያድጋል፤ በራጅ ሲታይ አጥንቱ የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ይመስላል። ቴስቶስትሮኑ አልጎደለም። ኤስትሮጅንም በደሙ ውስጥ በብዛት ነበር፤ ነገር ግን ተቀባዩ በዘር ለውጥ ምክንያት ስለማይሠራ ሰውነቱ መልእክቱን አይሰማም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን የሚለውጠው አሮማቴዝ የሌላቸው ወንዶች ኤስትሮጅን ሲሰጣቸው፣ በአጥንታቸው ጫፍ ክፍት ሆኖ የቆየው ልም አጥንት ጠጥሮ ተዘጋ። የወንዱንም ቁመት የሚያቆመው ይኸው ሆርሞን ነው ማለት ነው።

በጉርምስና መግቢያ ላይ ግን ጥቂት ኤስትሮጅን ፒቱታሪ ዕጢ ብዙ የእድገት ሆርሞን እንዲለቅ ያነሳሳል፤ ልጁ ድንገት የሚመዘዘው ያኔ ነው። ሴት ልጅ ቀድማ ትጀምራለች፣ አጥንቷም ቀድሞ ይዘጋል። በአዋቂነት የሚታየው የ13 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት በአብዛኛው ወንዱ ሳይጎረምስ ከሚያድግባቸው ሁለት ተጨማሪ ዓመታት የመጣ ነው።

የእድገት ሆርሞን ጉበትን አዝዞ የሚያስመርተው አይ ጂ ኤፍ 1 የተባለው ሆርሞን በጨቅላነት ዝቅተኛ ነው፤ በጉርምስና ጣራ ይነካል፤ ከሃያዎቹ ዕድሜ ወዲህ እያሽቆለቆለ ይሄዳል። የእድገት ሆርሞኑ ራሱ በማዕበል እንጂ በወጥ ፍሰት አይለቀቅም። ወንዱ ትልቁን ድርሻ በመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ያገኛል፤ ሴቷ ቀኑን ሙሉ ደጋግማ ትለቃለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም የእድገት ሆርሞንን መለካት ብዙም አይጠቅምም፤ የአይ ጂ ኤፍ 1 ቁጥርም ዕድሜና ጾታ ካልተጻፈበት ትርጉም የለውም።

ሴቶችን በተመለከተ አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ ኤስትሮጅን ትወስዳለች ወይ፣ በምን መልክ? የሚዋጠው ኪኒን በቅድሚያ በጉበት ስለሚያልፍ አይ ጂ ኤፍ 1ን ይቀንሳል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ግን ይህን ያህል አይነካውም። የእድገት ሆርሞን እጥረት ያለባት ሴት ኪኒኑን ከዋጠች፣ የምትወጋው የእድገት ሆርሞን መጠን ከፍ ማለት አለበት።