አዋጁ ሲሻር የቀረው ሥዕል

ሰው እምነቱን ከየት እንዳገኘ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው በቃል የተነገረውን ነው፤ ስብከቱን፣ ክርክሩን፣ አዋጁን። ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይኑ እያየ ያደገውን ነገር ግን ከቁጥር አያስገባውም። በጣና ዙሪያ በ17ኛው መቶ ዓመት የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆነናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስፓኛዊው የየሱሳውያን መነኩሴ ፔሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ ቋንቋውን በሚገባ ተማረ። በትዕግሥቱና በሊቅነቱም አፄ ሱስንዮስን ወደ ራሱ ሃይማኖት ሳባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገለጡ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ዐረፈ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ ምእመናኑ ዳግመኛ እንዲጠመቁ፣ የቀዳሚት ሰንበት መከበርም እንዲቀር ተፈለገ። ውጤቱ ዐመፅና የእርስ በርስ እልቂት ሆነ። በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ።

ታሪኩ በዚህ ያበቃ ይመስላል። ነገር ግን ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ አብሯቸው ያልወጣ ነገር ነበር።

ሮማ ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት ተብላ የምትከበር ጥንታዊት የእመቤታችን ሥዕል አለች። የየሱሳውያኑ አለቃ ፍራንቸስኮ ቦርጂያ በ1569 ሥዕሏን ለማስገልበጥ ከፓፓው ፈቃድ አገኘ፤ ቅጂዎቿም ማኅበሩ ወደሚያስተምርባቸው አገሮች ሁሉ ተላኩ፤ ወደ ኢትዮጵያም ደረሱ። እመቤታችን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ እጆቿን አነባብራ፣ ከቀኝ እጇ ሁለቱን ጣቶች ዘርግታ መሐረብ ይዛ ትታያለች፤ ሕፃኑ መጽሐፍ ይዟል። መሐረቡ በጥንት ሮማውያን ዘንድ የክብር ምልክት ነበር። ይህን የማያውቅ ሠዓሊ ግን ምልክቱን ሳያጓድል ለተማሪው አስተላለፈ፤ የጎንደር ዘመን የማርያም ሥዕሎችን የተመለከተ ሁሉ ሁለቱን ጣቶችና መሐረቡን ያውቃቸዋል።

በጦር ያልተቻለው እንደምን በቀለም ተቻለ? እኔ እንደሚመስለኝ ሥዕሉ እንደ እንግዳ ስላልታየ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር ካዘዙ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር፤ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ የሣለው በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ሉቃስ የእመቤታችን ሠዓሊ ነበር የሚለውም ትውፊት በአገራችን የታወቀ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሥዕል የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር። ሜንዴዝ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ሊተክል ሲጣደፍ፣ ሥዕሉ በቆመው ላይ ዐረፈ።

ይህን ማለት ሕዝቡ ሳያውቀው ካቶሊክ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ሠዓሊዎቻችን ሚካኤልንና ገብርኤልን ግራና ቀኝ አቁመው፣ ፊቱን በአገሩ መልክ ሥለው የራሳቸው አድርገውታል። የተለወጠው ሌላ ነው፤ ምእመኑ ዓይኑን ጨፍኖ እመቤታችንን ሲያስብ የሚታየው መልክ። በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ልዩ ልዩ አሣሣሎች እየደበዘዙ ሲሄዱ፣ ይህኛው «የጥንቱ» ሆነ።

ሐውልትና ግንብ ግን ዕድላቸው ሌላ ነው። በሱስንዮስ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው ድልድይ እስከ ዛሬ «የፖርቱጋሎች» ይባላል። ድንጋዩ የባዕድ ስም ሲሸከም፣ ሥዕሉ ግን አገሬው ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ነው። የአሣሣሉ ስልት የአውሮፓ ነው። ይሁንና የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ፣ መኳንንቱም በፊቱ ለንጉሡ ታማኝነታቸውን በመሐላ ያረጋግጡ ነበር። በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ የሰናር ዘመቻ ተማርኮ ተዋጅቶ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ላይ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ወስዶ ለራሱ አስቀረው፤ ከ1950 በኋላም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ ይዞታ ሥር ገባ። የሚጠየቅበት ስም ግን እስከ ዛሬ የግእዝ ስሙ ነው።