ፍጥነት አስማሚ፦ ስም ያላገኘችው የካምቢዮ ቀለበት

ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚሄድ መኪና ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በየጠመዝማዛው ሾፌሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲለዋውጥ ይውላል። መኪናው ያረጀ እንደሆነ ሁለተኛው ሲገባ ክርርር ይላል። ወዲያው “ካምቢዮው አልቋል” ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላችው በውስጡ ያለች አንዲት የናስ ቀለበት ናት።

ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ቀለበቷን የያዘው ክፍል ግን እስከዛሬ “ሲንክሮናይዘር” ነው፤ ለአፍ ይከብዳል፣ ሥራውንም አይናገርም። እኔ “ፍጥነት አስማሚ” ብንለው እላለሁ። ጋምቤላ ላይ ስያሜው ይበልጥ ያስፈልጋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ፣ አኙዋኛ ተናጋሪው ሾፌርና ኑዌርኛ ተናጋሪው መካኒክ ስለ መኪና የሚግባቡት አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ሁለቱም እኩል የሚረዱት ቃል ያስፈልጋቸዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ማርሽ ሲቀየር በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት አካላት ጥርስ ለጥርስ መያያዝ አለባቸው። ፍጥነታቸው ሳይገናኝ ቢጋጠሙ ጥርሳቸው ይፋጫል። ቀለበቷ ከመጋጠማቸው በፊት በማርሹ ሾጣጣ ጎን ላይ ትጫናለች፤ በሰበቃ ኃይል የአንዱን ፍጥነት ከሌላው ጋር እኩል ታደርጋለች፤ ከዚያ ጥርሶቹ ያለ ድምፅ ይገባሉ። የመኪና አምራቹ ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ይህን ክፍል ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሾፌሮች ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ የሞተሩን ድምፅ በጆሮ እየለኩ ነበር የሚያስማሙት። ስሙን ስመርጥ “አመሳሳይ” የሚለውን ቃል የተውኩት መመሳሰል ለመልክ ስለሚቀርብ ነው። “አስማሚ” ብቻውን ደግሞ ለሌላም ዕቃ ይውላል፤ “ፍጥነት” ሲቀድመው ግን አይምታታም።

የካምቢዮ ዘይት ምርጫ የሚከብደውም በዚህችው ቀለበት ምክንያት ነው። ዘይቱ የማርሹን ጥርስ እንዳይፋጭ ማንሸራተት አለበት፤ ቀለበቷ ግን ሥራዋን የምትሠራው በሰበቃ ስለሆነ ከመጠን በላይ ካንሸራተታት መያዝ ያቅታታል። በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 ተብሎ የሚጻፈው የዘይት ደረጃ በዚህ ምክንያት መታየት አለበት። ጂ ኤል 5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተሠራ ነው፤ በውስጡ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ብዙ ጊዜ የጂ ኤል 4ን እጥፍ ያህል ነው። አንዳንዱ ቅመም ዘይቱ ሲግል ናስን ይበላል። ሁለቱንም የሚፈቅዱ አምራቾች አሉ፤ የሞተር ዘይት ወይም ቀዩን የአውቶማቲክ ዘይት የሚያዙም አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ ይታይ። መመሪያው ጂ ኤል 4 ካለ “5 ከ4 ይበልጣል” ብሎ መሙላት አሮጌዋን ቀለበት ሊጎዳት ይችላል።

የዘይቱ የውፍረት ቁጥርም ያሳስታል። 75 ደብሊው 90 ላይ የመጀመሪያው ቁጥር የሚለካው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ለሚችለው ጋምቤላ ብዙም ትርጉም የለውም። እዚህ ዋናው ሁለተኛው ነው፤ እሱ በ100 ዲግሪ የሚኖረውን ውፍረት ይናገራል። የካምቢዮ ዘይት 90 ከሞተር ዘይት 40 ወይም 50 ጋር የሚቀራረብ ነው፤ መለኪያዎቹ ስለሚለያዩ እንጂ እጥፍ ስለሚወፍር አይደለም። ድምፅ ይቀንሳል ተብሎ 140 የሚሞላበት ልማድ ያሳዝነኛል። ቀለበቷ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቦዮች የዘይቱን ሽፋን ቆርጠው ካልጠረጉ ቀለበቷ አትይዝም፤ ዘይቱ በወፈረ ቁጥር ይህ ይከብዳል፣ ማርሹም እንቢ ይላል።

በክረምት በጋምቤላ ክልል ወደ ኢታንግና ወደ ላሬ በመረሬ ጭቃና በውኃ ውስጥ ያለፈ መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የጋለው ካምቢዮ ድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ በመተንፈሻው በኩልም ውኃ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ፣ ኪሎ ሜትሩ ደረሰ አልደረሰ ሳይባል ይቀየር። ሲቀየር መጀመሪያ የመሙያው ብሎን ይፈታ፤ የማፍሰሻው ቀድሞ ተፈትቶ የመሙያው እንቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ይቆማል።

የፈሰሰው ዘይት ራሱ ይናገራል። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ልም ብናኝ የተለመደ ነው። የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ጥርስ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ማርሽ የሚሰማ ጩኸት ወደ ኩሽኔታ ይጠቁማል። ዘይቱ ውስጥ ቢጫ ብልጭታ በዝቶ፣ ድምፁም ለምሳሌ ሁለተኛው ማርሽ ሲገባ ብቻ ከሆነ ግን መካኒኩ “ካምቢዮው አልቋል” ከማለት “የሁለተኛው ማርሽ ፍጥነት አስማሚ ቀለበት ተበልቷል” ይበል። ባለመኪናው ያኔ ሙሉ ካምቢዮ ሳይሆን የትኛውን ዕቃ ፈልጎ እንደሚገዛ ያውቃል።