የልጃገረዶች ስካውት የመሰብሰቢያ ቤት ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. በሎንዶን፣ በክሪስታል ፓላስ በተደረገው የስካውቶች ስብሰባ ላይ ጥቂት ልጃገረዶች ሳይጠሩ ተገኝተው ስካውት መሆናቸውን አስታወቁ። ከዚህ ድፍረት የተወለደው እንቅስቃሴ በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ በ1928 ዓ.ም. በሀንጋሪ አገር በፓራድ የዓለም ማኅበር ተመሠረተለት። ነገር ግን የየአገሩ ልጃገረዶች በአንድነት የሚያርፉበት የራሳቸው ቤት ገና አልነበራቸውም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ሄለን ስቶሮው ገንዘባቸውን ሰጡ። በስዊስ አገር፣ በአዴልቦደን ተራሮች መካከል የታነጸው ቤትም በጁላይ 31 ቀን 1932 ዓ.ም. ተከፈተ። ስሙም በተራራማው አገር የእንጨት ቤት ስም «የእኛ ሻሌ» ተባለ። የመጀመሪያዋ ኃላፊ የስዊስ ተወላጅ የሆኑት ኢዳ ፎን ሄረንሽቫንድ ነበሩ።

ቤቱ ከተከፈተ ሰባት ዓመት እንዳለፈ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ስዊስ ወደ ጦርነቱ ባትገባም በዙሪያዋ ያሉት አገሮች በእሳት ተከበቡ፤ የእንግዶችም መንገድ ተቋረጠ። ቤቱ ጦርነቱን ሊያስቀር አልቻለም፤ ጦርነቱም ቤቱ የተሠራበትን ሐሳብ ሊያፈርስ አልቻለም። በ1957 ዓ.ም. በሜክሲኮ በኩኤርናቫካ፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በህንድ በፑኔ ሳንጋም የተባለው ቤት ተከፈቱ፤ ሳንጋም ማለትም መገናኛ ማለት ነው። ከዚያም ለአፍሪካ ኩሳፊሪ ተቋቋመ፤ ትርጓሜው በስዋሂሊ መጓዝ ሲሆን፣ እንደ ስሙ ቋሚ ሕንፃ ሳይኖረው ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ሆኖ ተመሠረተ።

እንግዲህ የሌላውን ሕዝብ ጠባይ በካርታና በመጽሐፍ ብቻ ጠንቅቆ ማወቅ አይቻልም። አብሮ የበላና አብሮ የሠራ ወጣት ባልንጀራውን እንደ ባዕድ ለመቍጠር ይቸገራል፤ ይህም ለአስተማሪ ታላቅ ትምህርት ነው።