የምድር ባቡርና የዶርዜ ድር

የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው ውሉ፥ ድልድዩና ሎኮሞቲቩ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ መስጠታቸው፥ ሥራው በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ መጀመሩ፥ ሐዲዱም በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ መድረሱ በየተማሪ ቤቱ የታወቀ ነው። እኛ ግን ዛሬ ከፉርጎው ገብተን ጭነቱን ለማየት እንወዳለን። ለዚህም ያነሣሣን ከሐዲዱ እጅግ ርቆ፥ ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ተራራ ላይ የሚገኘው ዶርዜ ነው።

ወደ ዶርዜ ባቡር ሄዶ አያውቅም። ዳሩ ግን ሴቶቹ በመፍተል፥ ወንዶቹ በመሸመን የታወቁት የዶርዜ ሰዎች ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፈሩ። ሸማኔው ማጉን ከእጅ ፈትል ሲያደርግ፥ ለድሩ ግን ጥንካሬው እኩል የሆነውን የፋብሪካ ክር እየመረጠ ሄደ። ይህም ክር ከሕንድ አገር ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ይራገፍና በባቡር ይጫን ነበር። የሲራራ ነጋዴ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረውን መንገድ ባቡሩ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር፤ በመጀመሪያው ዘመን ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበርና። በኋላም በዚያው መሥመር ዳር በድሬዳዋና በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። እንግዲህ አያቶቻችን የለበሱት ነጠላ ድሩ በባቡር የመጣ፥ ማጉ በእናቶች እንዝርት የተፈተለ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአውሮፓ የጥንት ባቡር ወዳጆች አሮጌ ሎኮሞቲቭ አድሰው በጋራ ሲደሰቱ፥ ሌሎችም 87 ጊዜ አሳንሰው አምሳያውን በጠረጴዛ ላይ ያስኬዳሉ። በዚህ ልክ የእኛ 784 ኪሎ ሜትር መሥመር ቢሠራ ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል! ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው ዳገት ብቻውን ከ26 ሜትር በላይ ይወጣል። ይህን የሚችል አዳራሽ ስለማይገኝ፥ አምሳያ ሠሪው አንድ ጣቢያ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በ1922 ዓ. ም. የተመረቀውንና ሕዝባችን የፈረንሳይኛውን ስም በራሱ አንደበት «ለገሃር» ያለውን ጣቢያ ቢመርጥ እንወድለታለን።

ይህ ነገር ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን፥ የአሮጌው 1 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ከቶ ሊሄድ አይችልም፤ የራሱ ሐዲድ ከተነቀለም ባለበት የቆመ ብረት ሆኖ ይቀራል። የዶርዜ ልጅ ከአባቱ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲያቀብል ሽመናውን ይወርሳል። የድሬዳዋው መካኒክ ግን መኪናው ከቆመ ለልጁ የሚያሳየው ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት ከብረቱ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው ይህ የእጅ ዕውቀት ነው፤ አረጋውያኑ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁና ሊጻፍላቸው ይገባል።

የለገሃርን አምሳያ የሚሠራ ሰው ቢነሣም፥ በሮቹንና ሰዓቱን ከጨረሰ በኋላ ከፉርጎው ደጃፍ አንድ የክር ጥቅል ያስቀምጥልን፤ ከአጠገቡም ዋጋ የሚጠይቅ አንድ የዶርዜ ሸማኔ ያቁምልን።